የተውሶ ጉልበት

“የሰው ወርቅ አያደምቅ” እንላለን። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ግን ከዋሻ ሣጥን የተገኘ ጓንት ያደምቃል፤ ያውም በቁጥር።

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ፈጥረውት በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ጀግና ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ እውቀት፣ ጥበብና ግርማ ሞገስ በነጥብ ይሰፈሩለታል። አንዳንዱ ሙያ ደግሞ የሚፈቀደው ነጥቡ ለሞላለት ብቻ ነው። በተውሶ የመጣ ነጥብ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

በ2000 የወጣውን ሦስተኛ እትም እንውሰድ። “ፓወር አታክ” የሚባለው ሙያ፣ ማለትም ዒላማን ሠውቶ ምትን ማክበድ፣ 13 ጉልበት ይጠይቃል። ጀግናችን 12 አለው። በአንዲት ነጥብ! የጭራቅ ጉልበት የሚሰጠውን ጓንት ሲያጠልቅ 2 ይጨመርለትና 14 ይሆናል። ሕጉ ጉልበቱን ከየት አመጣኸው አይለውም፤ ተራው ሲደርስ ሙያውን ይይዛል። ጓንቱ ከወለቀ ወይም አስማት የሚመክንበት ስፍራ ከገባ ግን ተመልሶ 12 ነው። ሙያው ከወረቀቱ አይፋቅም፤ ብቻ አይሠራለትም። ጓንቱን መልሶ ሲያጠልቅ እንደቀድሞው ይመታል።

በእውቀት ላይ ሕጉ ይቆጥባል። ዘጠነኛ ደረጃ ድግምት ለመድገም 19 እውቀት ያስፈልጋል፤ 17 ያለው አስማተኛ 2 የሚጨምር የግንባር ማሰሪያ አስሮ ይደግማል። በ2003ቱ እትም ግን ማሰሪያው ተጨማሪ የክህሎት ነጥብ አያስገኝለትም። ፍርዱ ተመችቶኛል፤ ጨርቅ በማሰር ብቻ የተማረ ሰው አላየሁም።

የ2014ቱ አምስተኛ እትም ስሌቱን ገለበጠው። ጓንቱ መጨመር ትቶ ጉልበትን በቀጥታ 19 ያደርጋል። 8 የነበረውም 19፣ 18 የነበረውም 19፤ 20 ላለው ምንም። ታዲያ ብልጡ ተጫዋች ጓንት አገኛለሁ ብሎ ጉልበቱን ከመጀመሪያው ያራቁታል። ለዚህም ልጓም አለው፦ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከራስ ጋር ለማዋሐድ አንድ ሰዓት ያህል ዕረፍት ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜም ከሦስት በላይ ማዋሐድ አይቻልም።

ልትጫወቱ ከተቀመጣችሁ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ፦ የባዶ እጁን በእስክሪብቶ፣ የጓንቱን በእርሳስ።