ከጉና ግርጌ ወደ ቦሌ፦ የአገር ውስጥ በረራ በደጋ ምድር

ከደብረ ታቦር ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው በመኪና ነው። ከተማዋ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ዘንድም «ዲቢቲ» በሚል መለያ ትታወቃለች። መደበኛ የመንገደኛ በረራ ግን የላትም። ስለዚህ የደብረ ታቦርና የፋርጣ ሰው በወረታ አድርጎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ባሕር ዳር ይወርዳል። የአዲስ ዘመንና የእብናት ሰው አዘዞ ያለውን የጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊመርጥ ይችላል፤ ለጋይንት ሰው ደግሞ በጋሸና በኩል ላሊበላም አለለት። በጉና ተራራ ዙሪያ ሦስት ማረፊያዎች እያገለገሉ መካከሉ ያለ በረራ የቀረው በከፍታው፣ በአውሮፕላኑ ዓይነትና በገንዘቡ ስሌት የተነሳ ነው።

ወደ እነዚህ ከተሞች የሚበርረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ በአፍሪካ ትልቁ ይሁን እንጂ አነሳሱ ትንሽ ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. በመንግሥት ሲቋቋም ሥራውን የሚመራለት፣ በውል የተሳሰረው ቲደብሊውኤ የተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ ነበር። የመጀመሪያ አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47ዎች ናቸው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ዕቃው መሐል ላይ ይታሰር ነበር። ይኸው የአውሮፕላን ዓይነት ሣርና ጠጠር ላይ ማረፍ ስለሚችል፣ አስፋልት ላልደረሰባቸው የአገር ውስጥ ከተሞች ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአውሮፕላን አዛዥ በመሆን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ድርጅቱን በዋና ሥራ አስኪያጅነት የመሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ።

የደጋ በረራ ዋናው ፈተና የአየሩ መሳሳት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። በደብረ ታቦር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሳበት ኃይል ይቀንሳል፤ ሞተሩም የሚያቃጥልበት አየር ያንሰዋል። በዚህ ምክንያት አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሳት 15 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ያን ፍጥነት እስኪያገኝም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። ቀኑ ሲሞቅ አየሩ ይብሱን ይሳሳል። መንደርደሪያው ካልበቃ መፍትሔው ክብደት መቀነስ ነው፤ ይህም መንገደኛ ወይም ጭነት ትቶ መነሳት ማለት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ጎንደር 2,000 ሜትር ገደማ ላይ በመሆናቸው ከደብረ ታቦር ይልቅ ለአውሮፕላን ይመቻሉ። የላሊበላ ማረፊያም ከከተማዋ ዝቅ ብሎ ሜዳው ላይ ነው የተሠራው።

ሁለተኛው ነገር የአውሮፕላኑ ዓይነት ነው። አየር መንገዱ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720ቢ ተረክቦ ወደ ጄት ዘመን ሲገባ፣ በአዲስ አበባ ከቀድሞው የልደታ ማረፊያ ይልቅ ረጅም መንደርደሪያ ያለው የቦሌ ማረፊያ አስፈልጎት ነበር። ለአጭር የአገር ውስጥ በረራ ግን ጄት ብዙ ነዳጅ ይበላል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት የገባው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው-400 ከ70 በላይ መንገደኞችን ይዞ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በመኪና ሙሉ ቀን የሚወስድ መንገድ ነው። መንገደኛ ሲበዛ ቦይንግ 737ም ይመደባል።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። የአገር ውስጥ ቲኬት በአብዛኛው በብር ይሸጣል፤ የአውሮፕላኑ ዋጋ፣ መለዋወጫውና ነዳጁ ግን የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃሉ። አጭር በረራ ላይ ብዙ ነዳጅ የሚቃጠለው አውሮፕላኑ ሲነሳና ሽቅብ ሲወጣ ስለሆነ ወጪው በርቀቱ ልክ አይቀንስም። አየር መንገዱ ይህን የሚችለው ዋና ገቢው ከዓለም አቀፍ በረራ ስለሚመጣ ነው። የአገር ውስጡም ለዚያ መንገደኛ ያቀርባል፤ ከባሕር ዳር የተነሳ ሰው ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ዋሽንግተን ይገባል። ባለቤቱ ሙሉ በሙሉ መንግሥት ቢሆንም ድርጅቱ በንግድ አሠራር ሲመራ ቆይቷል፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው። በሌላው አፍሪካ ናይጄሪያ ኤርዌይስ፣ ጋና ኤርዌይስና ኤር አፍሪክ ዕዳና የአስተዳደር ጉድለት ተደራርቦባቸው ተዘግተዋል።

የአካባቢው በረራ የራሱ አደጋና መስተጓጎልም አለው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳ ቦይንግ 737 ከእርግቦች መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ተጎዱ። ለመመለስ ሲሞክር ከማረፊያው ውጪ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በማረፊያዎች ዙሪያ ወፍ የሚስብ ቆሻሻና ሣር እንዳይኖር የሚደረገው ይህን ዓይነቱን አደጋ ለመከላከል ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነጎድጓድና ደመና በረራ ያዘገያል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ የሚደረገው በረራ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር።

መንገደኛው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ 07:00 ማለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ 13:00 ደግሞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቀኑም እንዲሁ በአውሮፓ ነው። መታወቂያ ላይ ያለው ስም ከቲኬቱ ጋር መግጠም አለበት። ሻንጣ የሚመዘነው ለገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቀደም ሲል ለተነገረው የክብደት ስሌትም ነው። ከፍታ የሚፈራ የደብረ ታቦር ሰው ደግሞ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው፦ በበረራ ላይ የካቢኑ አየር እንደ 2,400 ሜትር ከፍታ ወይም ከዚያ ዝቅ እንዳለ ሆኖ ይጠበቃል። ስለዚህ አየሩ ከራሱ ከተማ አየር አይሳሳበትም።

ደብረ ታቦር መደበኛ በረራ እንዲኖራት ለከፍታዋ የሚመጥን ረጅም አስፋልት መንደርደሪያ፣ የበረራ መምሪያ መሣሪያ፣ የእሳት አደጋና የጥበቃ አገልግሎት ያስፈልጋታል። ከዚህ ሌላ አውሮፕላኑን በየሳምንቱ የሚሞላ መንገደኛ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ቅርብ በመሆኑ ይህ መንገደኛ ለሁለት ይከፈላል፤ የወረታ መንገድ በተሻሻለ ቁጥርም ወደ ባሕር ዳር መውረዱ ይበልጥ ይቀናዋል።