ስለ ጥበብ መጻሕፍት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በወገራ ወይም በስሜን ደጋ የአንዱን ሰው የገብስ አዝመራ ውርጭ ቢመታው፥ «ይህ ሰው ምን በድሎ ይሆን?» የሚል ጎረቤት አይታጣም። ልጅ የሞተባትንም እናት እንዲሁ የሚሏት አሉ። ይህን የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩን ከመጽሐፍ ያገኘው ይመስለዋል፤ ጻድቅ እንደሚለመልም፥ ኃጥእም እንደሚጠፋ መጽሐፈ ምሳሌ ያስተምራልና። ነገር ግን አንዱን ቃል ይዞ ሌላውን መተው ጥበብ አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የጥበብ መጻሕፍትን ነገር እንመለከታለን።

ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 ቅዱሳት መጻሕፍት መካከል የጥበብ መጻሕፍት የሚባሉት ኢዮብ፥ መዝሙረ ዳዊት፥ ምሳሌ፥ ተግሣጽ፥ መክብብ፥ መኃልየ መኃልይ፥ መጽሐፈ ጥበብና ሲራክ ናቸው። በሌሎች ዘንድ መጽሐፈ ምሳሌ ተብሎ በአንድነት የሚቈጠረው፥ በእኛ ዘንድ እስከ 24ኛው ምዕራፍ ምሳሌ፥ ከ25ኛው እስከ 31ኛው ተግሣጽ ይባላል። መኃልየ መኃልይም ከዳዊት ጋር አብሮ ስለሚጻፍ፥ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ከእነዚህ መጻሕፍት ሁለቱን በእጁ ይዟል። ሲራክንም ልጆች ይማሩት ዘንድ የሐዋርያት ቀኖና አዝዟል።

ኦሪት ሕጉን ትሰጣለች፤ ነቢያት ሕዝቡን ይገሥጻሉ፤ የጥበብ መጻሕፍት ደግሞ ሕጉን ይዘው ወደ ማዕድ፥ ወደ ገበያ፥ ወደ ሸንጎ፥ ወደ ሕመምተኛውም አልጋ ይገባሉ። ቅዱስ ጳውሎስም ክርስቶስ የእግዚአብሔር ጥበብ መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መሰከረ፥ እነዚህ መጻሕፍት ወደ ወንጌል የሚያደርሱ እንጂ ተራ ምክር አይደሉም።

እንግዲህ ምሳሌ ትጉህ እንደሚጠግብ ይናገራል፤ ይህም እውነት ነው፤ ልጅ ሥራ ይለምድ ዘንድ ሊሰማው ይገባል። ኢዮብ ግን ጻድቅ ሳለ ሀብቱን፥ ልጆቹንና ጤናውን አጣ። ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን በደሉት። ቃላቸው ለጆሮ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ስለ እግዚአብሔር በቅንነት አልተናገሩምና ተቈጣቸው፤ ይቅርታም ያገኙት ኢዮብ ስለ እነርሱ በጸለየ ጊዜ ነው። መክብብ በበኩሉ ጠቢቡም ሰነፉም ሞትን እንደማያመልጡ ያሳስባል፤ ይህም ባለጸጋው እንዳይመካ ነው። መጽሐፈ ጥበብም ሰው እንደ ጠፉ የቈጠራቸው ጻድቃን በአምላካቸው ዘንድ በሰላም እንዳሉ ያስረዳል።

መጻሕፍትን እንዲህ አስተባብሮ መመልከትን የጎንደር ሊቃውንት በሚገባ ያውቁታል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቈረቈሯት በዚህች ከተማ የትርጓሜ ጉባኤ ለብዙ ዘመን አብቧል። ትርጓሜው ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ይከፈላል። መምህሩ ግእዙን በአማርኛ ይፈታል፤ አንዱን ምሥጢር ከገለጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል። ይህች ቃል የቀደመውን ፍቺ አታፈርስም፤ በእርሱ ብቻ እንዳንቆም ግን ታስጠነቅቀናለች። ምሳሌን አንብቦ ኢዮብን የተወ ሰው «አንድም» ከመባሉ በፊት ከጉባኤው ተነሥቶ የሄደ ተማሪን ይመስላል።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፤ አዝመራው የተመታበትን ጎረቤት ባየን ጊዜ ኃጢአቱን አንመርምር። ሲራክ ለድኻ መስጠትን እንዳናዘገይ ይመክራልና ለሚመጣው ዘመን የሚዘራውን ዘር እንስጠው። የታመመውንም፥ በበደሉ ነው ብለን አንተወው፤ ያው መጽሐፍ ሐኪምን እግዚአብሔር የፈጠረው መሆኑን አስተምሮ እንድናከብረው ያዝዛልና፥ ከጸሎት ጋር ወደ ሐኪም እናድርሰው። ልጅ ከሞተባት እናት ዘንድ በደረስን ጊዜ ደግሞ የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያ ያደረጉትን እናድርግ፤ ከእርስዋ ጋር እንቀመጥ፤ ዝምም እንበል።

አምላካችን ጥበቡን በልቡናችን ያሳድርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።