የእንግዳ ጎጆው ባለቤት ማን ነው?

እንግዳ መቀበል የሕዝባችን ነባር ባህል መሆኑ ተደጋግሞ ይነገራል። እውነት ነው። ይሁንና ማናቸውም ባህል ከሰዎች የኑሮና የምርት ግንኙነት ተነጥሎ በአየር ላይ የሚኖር አይደለም። እንግዳው የመጣው በማን ፈቃድ ነው? የበላውን ያመረተው፣ የተኛበትን ጎጆ የሠራው፣ የከፈለውንስ ገንዘብ የሚይዘው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ስለ እንግዳ ተቀባይነት የሚቀርብ ውዳሴ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የአስተናጋጁን ድካም ከመሸፈን አያልፍም።

በተራራማው የሀገራችን ክፍል በአርሶ አደሩ መንደር እያደሩ መጓዝ ባለፉት ሃያ ዓመታት እየታወቀ የመጣ ሥራ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖረው ወዝ አደርና የመንደር ማኅበር አባል ግን ነገሩን የውጭ ሀገር ጎብኚ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ሊመለከተው አይገባም። በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ከመኪና የሚራገፈው ድንች፣ ሽንኩርትና ጎመን፣ በየመጋዘኑም የሚከመረው እህል የገጠሩ ሰው የላብ ውጤት ነው። ከተሜው በየዕለቱ ማዕድ ሲቀርብ የአርሶ አደሩ እንግዳ ነው፤ ልዩነቱ አስተናጋጁን አለማየቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ወደ ተራራው መንደር ሄዶ ማደር ማለት ያልታየውን አስተናጋጅ በዓይን ማየት ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት እንግድነት

በደጋው ሀገር መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ በሞቀ ውሃ ይታጠባል፤ ከምድጃው አጠገብ ያለው መደብ ይለቀቅለታል፤ ለበቅሎውም ገለባ ይቀርባል። ይህ ልማድ ከደግነት ብቻ የመነጨ አልነበረም። ገደሉና ወንዙ በበዛበት፣ ሆቴል በሌለበት ሀገር የዛሬው አሳዳሪ የነገ መንገደኛ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ልማዱ በእኩዮች መካከል የቆመ ያልተጻፈ የመረዳጃ ውል ነበር።

በአንጻሩ እንግድነት በትእዛዝ የሚጫንበት ሥርዓትም ነበር። በቤተ መንግሥት ፈቃድ ለሚጓዝ ሹም፣ መልእክተኛ ወይም የውጭ ሀገር ሰው ገበሬው እንጀራ፣ ወጥና ጠላ፣ አንዳንድ ጊዜም በግ ወይም ፍሪዳ እንዲያቀርብ ይገደድ ነበር። ይህም ድርጎ ይባል ነበር። ከድርጎ የከፋው ደግሞ ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመራ መቀመጡ ነው። ጦር ባረፈበት መንደር ጎተራው ይራቆታል፤ የቤቲቱ እመቤት ሌሊቱን ስትፈጭ ታድራለች፤ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ አሽከር ይሆናል። ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የአሥራትን ግብር ሲደነግጉ ከዓላማዎቹ አንዱ ይህን በየቤቱ እየገቡ የመዝረፍ ልማድ ማስቀረት ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጻፏቸው መጻሕፍት ገበሬው እያመረተ ሌላው የሚበላበትን ሥርዓት አጥብቀው ነቅፈዋል።

በሁለቱም ዘመድ አይሉት ባዳ አንድ ሰው ገብቶ ከአንድ ምድጃ ዳር ተቀምጧል፤ የቀረበለትም አንድ ዓይነት እንጀራ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ወንድማማችነት ነው፤ ሁለተኛው ብዝበዛ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የአስተናጋጁ ፈቃድና ለድካሙ የሚመለስለት ዋጋ። ዛሬም የገጠር እንግዳ ማደሪያ ሲመዘን ሚዛኑ ይኸው ነው።

የዘመቻው ትምህርት

ከተሜው በብዛት ወደ አርሶ አደሩ መንደር የገባበት ታላቅ ወቅት የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሠማሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ገበሬው በማኅበር እንዲደራጅ ያገዙት ብዙዎቹ እነዚሁ ዘማቾች ነበሩ። ፊደል አስተምረዋል፤ ስለ ጤና አጠባበቅም አስረድተዋል።

ዘመቻው እንከን አልባ አልነበረም። በፈቃዱ ሳይሆን በግዴታ የተጓዘ ነበረ፤ ከአካባቢው ልማድ ጋር የተጋጨ፣ ተልእኮውን ሳይፈጽም የተመለሰም ነበረ። ሆኖም ከዚያ የቀረው ትምህርት ዛሬም ይሠራል። ገበሬውን ባዶ ዕቃ አድርጎ የቆጠረና ሊሞላው የሄደ እንግዳ ብዙም ሳይቆይ ተቀያየመ። የዝናቡን ወራት፣ የዘሩን ዓይነት፣ የመሬቱን ጠባይ ከገበሬው ለመማር ጆሮውን የሰጠ እንግዳ ግን የቤተሰቡ ልጅ ሆኖ ተቆጠረ። እንግዳ መሆን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ተማሪውም እንግዳው ነው።

የመቄት ጎጆዎች

አሁን ወዳለንበት ዘመን እንምጣ። መቄት በሰሜን ወሎ፣ ከላሊበላ በስተ ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ ደጋማ ወረዳ ነው። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. በረሃብ እጅግ የተጎዳ ምድር ነው። በመጀመሪያው ረሃብ ጊዜ የዘውዱ መንግሥት የሕዝቡን ስቃይ ሲሸሽግ፣ እንግዳ ያሳድር የነበረው ገበሬ ራሱ በደሴ መንገድ ዳር ምጽዋት ጠባቂ ሆኖ ነበር። እንግዳ ተቀባይነት ጎተራ ይፈልጋል፤ ጎተራው የተራቆተበትን ሰው በባህሉ ብቻ ማመስገን ጭካኔ ነው።

በዚህ ምድር በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ «ተስፋ» በሚል ስም የሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ተጀመረ። መቋት ማርያም ከሁሉ ቀድሞ የእንግዳ ጎጆ የተሠራበት መንደር ሲሆን፣ ዋጀላና ሌሎችም ተከተሉ። ጎጆዎቹ በአካባቢው ወግ በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ፣ ሣር የለበሱ ናቸው። የቆሙትም ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ አምባው በድንገት ወደ ገደል በሚወርድበት አፋፍ ላይ ነው። በማለዳ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ እየወጡ ሣር ሲነጩ ይታያሉ። እንግዳው ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ ይጓዛል፤ ጓዙን አህያ ይሸከማል፤ መንገዱን የሀገሬው ሰው ይመራል። ማታ እሳት ዳር ሽሮ በእንጀራ ይቀርባል፤ ቡና ይፈላል፤ ጠላም አይጠፋም። ሌሊቱ ብርዳም በመሆኑ ወፍራም ብርድ ልብስ ግድ ነው።

ነገር ግን የሥራው ቁም ነገር በመልክዓ ምድሩ ማማር ላይ አይደለም። ቁም ነገሩ የጎጆው ባለቤት የመንደሩ ኅብረተሰብ መሆኑ ነው። ምግብ የሚያበስሉት፣ አህያ የሚነዱት፣ ማደሪያውን የሚጠብቁት የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። ለአዳሩ የሚከፈለው ገንዘብ የድካማቸውን ዋጋ ይሸፍናል፤ የሚተርፈውም ለጋራ ጥቅም እንዲውል የሚወስነው ኅብረተሰቡ ነው። ጎጆዎቹ በየመንደሩ የተሠራጩ ስለሆኑ የእንግዳው ጉዞ ራሱ ጥቅሙን ያከፋፍላል። በኔፓል ተራሮች ላይ ያለው የሲሩባሪ መንደርም እ.ኤ.አ. በ1997 ተመሳሳይ መንገድ መርጧል። በዚያ እንግዳው የሚያድርበትን ቤት የሚመድበው የመንደሩ ኮሚቴ ነው፤ ዕድሉም ለአንድ ባለጸጋ ቤት ብቻ ሳይሆን በየተራ ይዳረሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ቃል በተግባር ሲተረጎም እንዲህ ነው።

የጋራ ሀብትን በጋራ ደንብ መጠበቅ ለአርሶ አደራችን አዲስ ነገር አለመሆኑንም የመንዝ ጓሳ ይመሰክራል። የአካባቢው ሕዝብ «ቀሮ» በሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ ያቆይ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ከፍቶ ለቤት ክዳንና ለግጦሽ ይጠቀም ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ አሮጌው ሥርዓት ሲፈርስ ሀብቱ ለጊዜው ጠባቂ አጣ፤ በኋላ ግን ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን አስቀጠለ። ዛሬ በዚያም የኅብረተሰቡ የእንግዳ ማረፊያ አለ። የሣር ክዳን ያለ ሣር፣ ሣሩም ያለ ጠባቂ ደንብ አይኖርም።

የሴቷ ድካም

በዚህ ሥራ ውስጥ በቀላሉ የማይታይ አንድ ጉዳይ አለ። እንግዳ ሲመጣ የሚፈነድቀው ብዙ ጊዜ ወንዱ ነው፤ ጎንበስ ቀና የምትለው ሴቷ ናት። ለአምስት እንግዶች እንጀራ መጋገር ማለት እህሉን ማስፈጨት፣ ውሃውን ከምንጭ መቅዳት፣ ማገዶውን መሸከም፣ ከምጣዱ ጢስ ጋር መታገል ማለት ነው። ይህ ድካም በገንዘብ ካልተተመነ፣ ክፍያውም በሴቷ እጅ ካልገባ፣ በመንደሩ የኅብረት ሥራ ውስጥ አሮጌው ድርጎ ተሸሽጎ ይኖራል። ስለሆነም ማንኛውም የገጠር ማደሪያ ፍትሐዊነቱ የሚለካው በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ድምፅ እንዳላቸውና የድካማቸውን ዋጋ እንደሚያገኙ በማየት ነው።

የደረሰው ጉዳትና ያንዣበበው ሥጋት

መጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ሀገራችን ሲገባ የተራራው መንገድ እንግዳ አጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላንና የሰሜን ወሎን ወረዳዎች አዳረሰ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፣ ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት መንገዱን ዳግመኛ ዘጋው። እንግዳ ተቀባዩ መንደር ከእንግዳ በፊት ሰላም እንደሚያስፈልገው ለማንም ግልጽ ነው።

ከዚህ መከራ የሚገኝ ትምህርት አለ። ማረሻውን ሰቅሎ እንግዳን ብቻ የሚጠብቅ መንደር መንገዱ በተዘጋ ማግሥት ይራባል። ማሳውንና ከብቱን ሳይተው እንግዳን እንደ ተጨማሪ ገቢ የያዘ መንደር ግን ክፉውን ቀን የመሻገር ዕድሉ ሰፊ ነው። እንግዳ ማሳደር የግብርና ደጋፊ እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ሌላው ሥጋት ሰላም ከተመለሰ በኋላ የሚመጣ ነው። ውብ የሆነው አፋፍ ባለሀብትን ይስባል። ትልቅ ሎጅ ሲሠራ ሥራ ይፈጥራል፤ መንገድና መብራትም ይስባል። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ትናንት በገዛ ጎጆው አስተናጋጅ የነበረው ገበሬ ነገ በገዛ መሬቱ ላይ የዕለት ሠራተኛ ሆኖ ከቀረ እድገቱ የማን ነው ብለን መጠየቅ ግዴታችን ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ይታወሳል። ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው መተንፈሻ ማስገኘት ተገቢ ዓላማ ነው፤ ሆኖም ለተራራው ሲባል መኖሪያውን የለቀቀ ሕዝብ ከተራራው ጥቅም ቀዳሚው ተካፋይ መሆን ይገባዋል።

ከከተማው ሠራተኛ የሚጠበቀው

በፈረንሳይ ሠራተኞች የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ከነደመወዙ በሕግ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1936 ከታላቅ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ነበር። በዚያው በጋ ከፋብሪካው ግቢ ወጥቶ የማያውቅ ብዙ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ገጠርንና ባሕርን አየ። በሀገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃድ በትግል የተገኘ መብት እንጂ ስጦታ አይደለም፤ በከንቱም ሊባክን አይገባውም።

ሩቅ መሄድም የግድ አይደለም። ከክፍለ ከተማችን በጀሞ በኩል የሚወጣው የጅማ መንገድ ወሊሶ ያደርሳል፤ ከወሊሶ ደግሞ ወደ ወንጪ ተራራና ሐይቅ ይወጣል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ በጎጃም የሚገኘው የጮቄ ተራራ መንደርም በ2022 ይህንኑ ክብር አግኝቷል። ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት አባሎቻቸውን አስተባብረው፣ የጸጥታውን ሁኔታ አስቀድመው አጣርተው፣ በጋራ መኪና ተከራይተው እንዲህ ያለውን ጉዞ ማዘጋጀት ይችላሉ።

ተጓዡ ሊያከብራቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ማደሪያው የማን እንደሆነና ክፍያው ለማን እንደሚገባ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ኅብረተሰቡ የተመነውን ዋጋ ለማስቀነስ አይከራከር፤ የራሱ ደመወዝ ሲቀነስበት እንደማይወድ ያስታውስ። ሦስተኛ፣ ውሃና ማገዶ በሴት ጀርባ የመጡ መሆናቸውን አውቆ ይቆጥብ። አራተኛ፣ ለሕፃናት ሳንቲም እየበተነ ልመናን አያስተምር፤ መርዳት ከፈለገ በኮሚቴው በኩል ይርዳ። አምስተኛ፣ የጾሙንና የበዓሉን ቀን ያክብር፤ ሰውን ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ አያንሣ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይኸው ነው፤ የእንግዳ ጎጆው ባለቤት ማን ነው? ባለቤቱ በአርሶ አደሩ ማኅበር የተደራጀ መንደር እስከሆነ ድረስ፣ እዚያ የሚያድር ሁሉ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ከሚለው ነባር ልማድ ጋር የሚስማማ እንግዳ ነው። ባለቤቱ ሌላ ከሆነና ገበሬው ተሸካሚ ብቻ ሆኖ ከቀረ ግን፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ድርጎ ተመልሷል ማለት ነው። የተራራው ገበሬ ጎተራው እንዲሞላ፣ መንገዱ በሰላም እንዲከፈት፣ ጎጆውም በእጁ እንዲቆይ መቆም በየዕለቱ ከማዕዱ የምንቆርስ የከተማ ነዋሪዎች ሁሉ ግዴታ ነው።