ገደሉን ምን ቆረጠው?

በዝዋይና በላንጋኖ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። የመስክ ጂኦሎጂስት ግን ከሐይቆቹ በስተምሥራቅ ሜዳውን የሚቆራርጡትን፣ አንዱ ካንዱ ጀርባ የተሰለፉትን ገደሎች ያያል። የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ አካል ናቸው። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት አምስት ስድስት ሚሊ ሜትር ሲለጠጥ፣ አብዛኛውን የሚሸከመው ይህ ቀበቶ ነው።

የገደሉን ቁመት መለካት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ዕድሜው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሐይቆቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ሐይቅ ነበሩ። ውሃው ከዛሬው ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ትርፉ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ሲሸሽ ደለልና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ትቶ ሄደ። ስንጥቁ ደለሉን ከቆረጠው፣ የተንቀሳቀሰው ደለሉ ከተኛ በኋላ ነው፤ ደለሉ ሳይሰበር ከሸፈነው ደግሞ ስንጥቁ ቀዳሚ ነው።

ቅርፊቱ በሬዲዮካርቦን ይመረመራል፤ ግን አንዳንዴ ይዋሻል። በእሳተ ገሞራ አገር ከምድር ሥር የሚወጣ ጋዝ አሮጌ ካርቦን ወደ ውሃው ስለሚጨምር ቅርፊቱ ከዕድሜው በላይ አርጅቶ ይታያል። ጠንቃቃ ባለሙያ ከዚያው ንብርብር ከሰል ወይም የእሳተ ገሞራ አመድም ይፈልጋል።

ቁመቱ ለዕድሜው ሲካፈል የስንጥቁ ፍጥነት ይገኛል። እኔን የሚማርከኝ ግን ከሂሳቡ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ መሬቱን የቆረጠው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ አጠገብ፣ ቅልጥ አለት ከሥር ሰርጎ ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የሸለቆ ክፍል እስከ 8 ሜትር ከፈተው፤ ገጹም ላይ አዳዲስ ገደሎች ታዩ። የተመዘገቡት መንቀጥቀጦች ግን ለዚያን ያህል ለውጥ ትንንሽ ነበሩ። ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተውና አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው መናወጥም ከቅልጥ አለት ጋር የተያያዘ ነው።

ስለዚህ በሸለቆው ወለል ላይ ገደል ያገኘ ባለሙያ ቁመቱን ወደ መንቀጥቀጥ መጠን ለመለወጥ አይቸኩልም። የሸለቆው ዳርቻ ግን ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሻለው ስንጥቁን አቋርጦ ቦይ መቆፈር፣ ከዚያም ንብርብሮቹ ስንት ጊዜ እንደተሰበሩ መቁጠር ነው።