የአርቲስቶቻችን ዜና ሎረንስቪል ላይብረሪ ውስጥ ሲፈለግ

ከአዲስ አበባ ዘፋኝ አስመጥቶ በአትላንታ አካባቢ የበዓል ዝግጅት ለማቅረብ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ አዳራሽ፣ ስለ ሳውንድ ሲስተምና ስለ ትኬት ነው። ወረቀቱ የሚታሰበው ወደ ኋላ ነው። ጠበቃው ፋይሉን ከፍቶ «ስለ አርቲስቱ በጋዜጣ የወጣ ነገር አምጡልኝ፤ ርእሱ፣ የወጣበት ቀንና የጸሐፊው ስም ያለበት ይሁን» ሲል ግን ሩጫው ይጀመራል። ዘመድ ይደወልለታል፣ አሮጌ ካሴት ይገለበጣል፣ ከዩቲዩብ ቪዲዮ ይቀዳል። የቪዲዮው ተመልካች ብዛት ብቻውን ፋይሉን አያቆመውም።

ጥያቄውን ጠበቃው ከራሱ አላመጣውም። የባህል ሙዚቃና ውዝዋዜ ይዘው ለሚመጡ አርቲስቶች የሚሰጠው ፒ-3 የተባለው ቪዛ፣ ዝግጅቱ በእርግጥ የአንድ ሕዝብ ባህል መሆኑን በባለሙያዎች የምስክርነት ደብዳቤ ወይም በጋዜጣና በመጽሔት በወጣ ሂስ ማስረዳትን ይጠይቃል። በሙያቸው ለገነኑ አርቲስቶች የተዘጋጀው ኦ-1 ቪዛም በትልልቅ ጋዜጦችና በሙያ መጽሔቶች የወጡ ጽሑፎችን ከማስረጃዎቹ እንደ አንዱ ይቆጥራል። «ልዩ ችሎታ» በሚባለው መንገድ ግሪን ካርድ የሚያመለክት ሰው በጋዜጣ ጽሑፍ ማስረዳት ከፈለገ ደግሞ የጽሑፉ ርእስ፣ ቀንና ጸሐፊ መገለጽ እንዳለበት ደንቡ በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ ሃያ ዓመት መድረክ ላይ የቆመ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያጨበጨበለት ድምፃዊ እንኳ በወረቀት ላይ ካልተገኘ ፋይሉን ለሚያየው ሹም እንግዳ ሰው ነው።

ደስ የሚለው ነገር ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹን ገንዘብ ሳያወጡ ማግኘት መቻሉ ነው። የጉዊኔት ካውንቲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መቀመጫው ሎረንስቪል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመላው አሜሪካ «የዓመቱ ላይብረሪ» ተብሎ የተሸለመ ነው። ብዙዎቹ ወገኖቻችን ላይብረሪውን የሚያውቁት ልጆቻቸውን ለቤት ሥራ ሲያደርሱ ወይም ወረቀት ኮፒ ለማድረግ ሲገቡ ነው። የካውንቲው ነዋሪ ለሆነ ሰው ካርዱ በነጻ ይሰጠዋል፤ አንድ ግለሰብ ልግዛው ቢል ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው የጋዜጣ ዳታቤዝ የሚከፈተውም በዚያችው ካርድ ነው።

ዳታቤዝ ሲባል የብዙ ጋዜጦችና መጽሔቶች ያለፉ እትሞች በአንድ ላይ ተከማችተው በቃል የሚፈለጉበት መዝገብ ማለት ነው። ኢብስኮ፣ ፕሮኩዌስት፣ ጌልና ኒውስባንክ የተባሉት ኩባንያዎች ያዘጋጁታል፣ ላይብረሪዎች በውል ይከራዩታል። በጆርጂያ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ጋሊሊዮ የተባለ የጋራ አገልግሎት አቋቁመው ኋላ የሕዝብ ላይብረሪዎችም ገብተውበታል። የትኛው ዳታቤዝ ዘንድሮ እንዳለ ከውሉ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ አስቀድሞ ላይብረሪያኑን መጠየቅ ጊዜ ያተርፋል። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሰዎቹ ደሞዝ የሚቀበሉት ለዚሁ ነው።

ጉግል አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። ጉግል ርእሱን ያሳይና ጽሑፉ ጋ ሲደርሱ ክፍያ የሚጠይቅ በር ይዘጋብዎታል። የቆየው ጽሑፍ ደግሞ ጭራሹን ከጋዜጣው ድረ ገጽ ላይ ላይኖር ይችላል። ከጋዜጣ ላይ ቆርጦ ማስቀመጥ የለመደ ሰውም ልማዱን መለወጥ ግድ ሆኖበታል፤ አትላንታ ጆርናል ኮንስቲትዩሽን የወረቀት እትሙን በ2025 መጨረሻ እንደሚያቆም ያስታወቀው በዚያው ዓመት ነበር።

ፍለጋው የሚበላሸው ስም ሲጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ ድምፅ አይሰማም፣ የሚያውቀው ፊደል ብቻ ነው፤ የእኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል አንድ ቋሚ አጻጻፍ ኖሮት አያውቅም። ጥላሁን ገሠሠን እንውሰድ። የአሜሪካ ጋዜጦች አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ቲ፣ አይ፣ ኤል ብለው ይጀምሩታል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሲዲ ግን በ17ኛው ቅጹ ላይ አይዋን አውጥቶ፣ «ሁ»ን በኦና በዩ ጽፎ፣ በገሠሠ ላይም የፈረንሳይኛ ምልክት ደፍቶበት ነው ያተመው። ስለ ሲዲው የሚጽፍ ሃያሲ የሽፋኑን አጻጻፍ ቢከተል አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2009 ጥላሁን ሲያርፍ የሐዘን ዜናውን የጻፈው ሪፖርተር ደግሞ የሚያውቀውን አጻጻፍ ይጠቀማል። አንዱን ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ጥላሁን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሙላቱ አስታጥቄም እንዲሁ ነው፤ «ቄ»ን በኬ የሚጽፍ አለ፣ በኪዩ የሚጽፍም አለ። ሙላቱን በስሙ ያጣ ሰው ግን በፊልም በኩል ሊያገኘው ይችላል፤ ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ ሙዚቃው ስላለ፣ የፊልሙ ስምና «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል አንድ ላይ ሲገቡ ሌላ በር ይከፈታል።

መድኃኒቱ «ኦር» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ናት። ሁለት ሦስቱን አጻጻፍ እያንዳንዱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው ይህችን ቃል በትልልቅ ፊደል መጻፍ ነው። ማሽኑ ያን ጊዜ ይህንን ወይም ያንን ያለበትን ሁሉ ያመጣል። «ኤንድ» የተባለችው ደግሞ ሁለቱም ቃላት ያሉበትን ብቻ ትለያለች። በብዙዎቹ ዳታቤዞች የስሙን መጀመሪያ ጽፎ የኮከብ ምልክት ቢያስከትሉበት የቃሉን መጨረሻ ማሽኑ ራሱ ይሞላል፤ መጨረሻው ለሚለዋወጥ የአበሻ ስም ይህ ትልቅ ረዳት ነው።

አንዳንዱ ስም ደግሞ ትክክል ተጽፎም ያሳስታል። አስቴር በእንግሊዝኛ የአበባ ስም ስለሆነ፣ አስቴር አወቀን በመጀመሪያ ስሟ ብቻ የፈለገ ሰው በጋዜጣው የአትክልት ገጽ ውስጥ ሲንከራተት ይውላል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ኦፊሴላዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ የፊልሙን ርእስ ብቻ ለጻፈ ሰው ግን የሚጎርፍለት የፋሲካ በግ አጠባበስ ነው። አቤል ተስፋዬም «ዘ ዊክንድ» ከሚለው የመድረክ ስሙ አንዷን «ኢ» ማውጣቱን ልብ ያላለ ፈላጊ፣ ቅዳሜና እሁድ በከተማው የተደረገውን ሁሉ ሰብስቦ ይጨርሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአባት ስም፣ የፌስቲቫሉ ስም ወይም «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በ«ኤንድ» መጨመር አለበት።

የአባት ስም ካነሳን አይቀር፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካ ጋዜጣ ሙሉ ስሙን አንድ ጊዜ ከጻፈ በኋላ እስከ መጨረሻው የሚጠራው በአባት ስም ነው። አስቴር ዘፈነች ለማለት «አወቀ ዘፈነች» ይባላል፤ አባትየው መድረክ የወጡ ያስመስለዋል። በመዝገቡ ውስጥም የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ «ገሪማ፣ ኃይሌ» ተብሎ ተገልብጦ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ገልብጦ መሞከር ነው።

የኃይሌ ገሪማ ነገር ስለ ቀን አመራረጥም ያስተምራል። የሆሊዉድ ፊልም በአንድ ዓርብ በመላው አገር ስለሚከፈት ሂሱ ሁሉ በዚያው ሳምንት ይወጣል። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ተሠርቶ ሲያልቅ ግን አከፋፋይ ኩባንያ የሚያነሳው ስለጠፋ፣ ኃይሌና ባልደረቦቹ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ስለዚህ ስለ ፊልሙ የተጻፈው በ1993 ብቻ አይገኝም፤ ፊልሙ ወደየከተማው በደረሰበት ጊዜ ሁሉ በየአካባቢው ጋዜጣና በጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ላይ መፈለግ አለበት። ቀኑን አጥብቦ የፈለገ ይህንን ሁሉ ያጣል። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል ሲሸለምና «ሳንኮፋ» በ2021 በኔትፍሊክስ እንደገና ሲወጣም ስሙ በብዛት ስለተነሳ፣ የፍለጋው ዘመን እስከዚያ ድረስ ቢዘረጋ መልካም ነው።

የመዝናኛ ኢንዱስትሪው የራሱ ጋዜጦችም አሉት። ቢልቦርድ ከ1894፣ ቫራይቲ ከ1905፣ ሆሊዉድ ሪፖርተር ከ1930 ጀምሮ ይታተማሉ። ሥራ ፈላጊም ሆነ ፕሮሞተር ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚያየው በእነዚህ ላይ ነው። ቴዲ አፍሮ በ2017 «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ የቢልቦርድን የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ ሲመራ፣ ለማስረጃ ፋይል ከብዙ የፌስቡክ አድናቆት ይልቅ ያች አንዲት መስመር ትበልጥ ነበር። ቫራይቲን የሚፈልግ ሰው ግን የጋዜጣውን ቋንቋ ማወቅ ይኖርበታል። ቫራይቲ ዳይሬክተርን «ሄልመር»፣ ሥራ መልቀቅን «አንክል» እያለ የራሱን የአራዳ ቋንቋ የፈጠረ ጋዜጣ ነው። «ዳይሬክተር» ብሎ ያጣ ሰው በ«ሄልመር» ይሞክር።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ዮርክ ታይምስና በጆናታን ታሲኒ ክርክር 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ፣ በፍሪላንስ የሚጽፉ ሰዎች ጽሑፍ ያለ ፈቃዳቸው ዳታቤዝ ውስጥ መግባት እንደማይገባው ወሰነ። ፍርዱ ለጸሐፊዎቹ መብት የቆመ ነበር። አሳታሚዎች ግን ብዙ የቆዩ ጽሑፎችን ከዳታቤዙ ነቅለው አወጡ። የሙዚቃና የፊልም ሂስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በፍሪላንስ የሚጻፍ ነው። አስቴር በኮሎምቢያ ሪከርድስ በኩል «አስቴር»ን በ1990፣ «ካቡ»ን በ1991 ያወጣችበት ዘመን በትክክል ይህ ጉዳት የደረሰበት ዘመን ነው። እንግዲህ ማሽኑ «ምንም አልተገኘም» ቢል ምንም አልተጻፈም ማለት አይደለም። የጋዜጣውን ገጽ እንዳለ በምስል የያዙ ዳታቤዞች አሉ፤ እነሱም ከሌሉ ማይክሮፊልም አለ። ላይብረሪያኑ ከሌላ ላይብረሪ በውሰት ማስመጣት ይቻል እንደሆነ ይነግርዎታል።

ከመድረክ ይልቅ በፊልም ሥራ እንጀራ ለሚፈልጉም ይኸው ሳጥን ይጠቅማል። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለፊልም ሠሪዎች 20 ከመቶ የታክስ ቅናሽ፣ የስቴቱን አርማ በፊልሙ ላይ ለሚያሳዩ ደግሞ 10 ከመቶ ጭማሪ ከፈቀደች ወዲህ ሥራው ተስፋፍቷል። ታይለር ፔሪ በ2019 በቀድሞው ፎርት ማክፈርሰን የጦር ሠፈር ታላቁን ስቱዲዮውን አስመርቋል። ሾፌሩም፣ ኤሌክትሪሻኑም፣ ምግብ አቅራቢውም ከዚህ ገበያ ይቀምሳል፤ በ2023 የደራሲዎችና የተዋንያን ማኅበራት በአንድ ዓመት አድማ ሲመቱ ገበያው ምን ያህል በአንድ ቀን እንደሚደርቅም ታይቷል። ኩባንያ ሲፈልጉ ፊልሞች ሲቀረጹ በሌላ ስም እንደሚጠሩ መዘንጋት የለበትም። እዚሁ ጆርጂያ የተቀረጹት ሁለቱ የመጨረሻ «አቬንጀርስ» ፊልሞች መንገድ ላይ ይታወቁ የነበረው «ሜሪ ሉ» በሚል ስም ነው። ልጅዎን ለፊልም መልምለናል ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣም፣ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ የድርጅቱን ስም «ክስ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አጣምሮ አሥር ደቂቃ መፈለግ ነው።

የአማርኛ ጋዜጦች ግን ላይብረሪዎች በሚከራዩዋቸው በእነዚህ ዳታቤዞች ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የጻፈውን ለማየት አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግረስ ላይብረሪ ይሻላል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገጹን በጥራት አንስቶ ቢልክም ይሠራል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በአማርኛ የተጻፈን ማስረጃ ይቀበላል። ጽሑፉ ግን በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አለበት፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ ራሱም ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችል ጽፎ መፈረም ይኖርበታል። የትኛው ጽሑፍ ለየትኛው ቪዛ እንደሚበቃ የሚወስነው ጠበቃው ነው።

ጽሑፉ የተገኘ ዕለት ርእሱን ብቻ በስልክ ፎቶ አንስቶ መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው። የጋዜጣው ስም፣ ቀኑ፣ የገጽ ቁጥሩና የጸሐፊው ስም በአንድ ላይ እንዲወጡ ሙሉውን በፒዲኤፍ አስቀምጦ ወደ ራስ ኢሜይል መላክ ይሻላል። የተፈለገባቸውን የስም አጻጻፎችም በአንዲት ወረቀት ይያዙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው አርቲስት ሲመጣ እንደገና ከዜሮ አይጀመርም። በየሬስቶራንቱ በነጻ ከሚታደሉት ጋዜጦች ላይ የዝግጅት ዘገባ ያገኘ ሰውም ፎቶግራፉን ብቻ ቆርጦ ግድግዳ ላይ ከሚለጥፍ ገጹን በሙሉ ያስቀምጥ፤ የጋዜጣው ስምና ቀኑ ያሉት በገጹ አናት ላይ ነው።