«አቅራቢ»፣ «ተባባሪ»፣ «አባሪ»፦ ለስለላ ረዳት ኩባንያዎች የሚስማማውን ስያሜ ስለ መምረጥ

ለአዲስ ጽንሰ ሐሳብ ስያሜ ስንመርጥ ቃሉ የሚገልጸውን ብቻ ሳይሆን የሚሸፍነውንም መመርመር ይገባናል። ለመንግሥት የስለላ መሣሪያ የሚሸጥ የግል ኩባንያ በተለምዶ «አቅራቢ» ይባላል። ይህ ስያሜ ኩባንያውን እህልና ጨው ከሚያቀርብ ነጋዴ ጋር ስለሚያስተካክለው የተጠያቂነትን ጥያቄ ገና ሳይነሣ ያዳፍነዋል።

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያም ጭምር፣ አውጫጭኝ በሚባለው ነባር ሥርዓት ወንጀል ሲፈጸም ነዋሪው ተሰብስቦ በመሐላ ይመረመር ነበር። ጠያቂውም ተጠያቂውም የአካባቢው ሰው ስለነበረ ስለ ቃሉ የሚጠየቅ አይታጣም ነበር። በዛሬው ስለላ ግን ሰሚው ሩቅ ነው፤ መሣሪያውን የሠራው ደግሞ ከዚያም የራቀ ነው።

ለዚህ አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒዩተሩ ፊንስፓይ በተባለ የስለላ ፕሮግራም ተጠልፏል ሲል እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ተከሳሹ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2017 ጥፋቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት ሊከሰስ አይችልም ሲል ወሰነ። ፕሮግራሙን ሠርቶ የሸጠው የአውሮፓ ኩባንያ በክሱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ተበዳዩ የሚጠይቀው አጣ።

ሕጋችን ግን ለዚህ ቃል አላጣም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 37 ለዋናው ወንጀል አድራጊ መረጃ፣ ምክር ወይም መሣሪያ በመስጠት እያወቀ የረዳውን ሰው የወንጀሉ ተካፋይ ያደርገዋል። አንቀጽ 34ም ኃላፊው ወይም ሠራተኛው የድርጅቱን ጥቅም በሕገ ወጥ መንገድ ለማራመድ ሲል ወንጀል ቢሠራ ድርጅቱ ራሱ የሚቀጣበትን ሁኔታ ይደነግጋል። በፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሲስ ኩባንያ ኃላፊዎች ለሊቢያ በተሸጠ የስለላ መሣሪያ ምክንያት በማሠቃየት ወንጀል ረዳትነት ተጠርጥረው በምርመራ ዳኞች ፊት ቀርበዋል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ምሳሌ የምናገኘው «አበረ» የሚለው ግስ ሁለት ስያሜዎች ይሰጠናል። ሕጋዊ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚፈጽመውን «ተባባሪ» እንበለው። በ2012 ዓ.ም. የተሻረው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአንቀጽ 14 የመገናኛ አገልግሎት ሰጪዎችን በጠለፋ ሥራ እንዲተባበሩ ያስገድድ ነበር። ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የሚረዳው ግን «አባሪ» ነው። «አቅራቢ» የሚለውን ለእህሉና ለጨው ነጋዴ እንተውለት።