ዩሱፍ፣ ዮሴፍ፣ ዡዜፕ

ኳስ የምንከታተል ሁሉ ፔፕ ጓርዲዮላን እናውቀዋለን። «ፔፕ» የቁልምጫ ስም ነው፤ ዋናው ስሙ ዡዜፕ ይባላል። በባርሴሎናና አካባቢዋ በሚነገረው የካታላን ቋንቋ ዡዜፕ ማለት ዮሴፍ ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ ዩሱፍ።

የስሙ ምንጭ ዕብራይስጥ ሲሆን ትርጉሙ «ይጨምር» ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ራሔል ለዓመታት ልጅ አጥታ ቆይታ ስትወልድ፣ ፈጣሪ ሌላ ወንድ ልጅ እንዲጨምርላት ተመኝታ ይህን ስም አወጣችለት። ነህው የቀራን ደግሞ «ዩሱፍ» ተንዊን እንደማይቀበል እናስታውሳለን፤ ዐረብኛ ውስጥ በእንግድነት የገባ ስም ስለሆነ ነው። እንግዳ ቢሆንም 111 አንቀጾች ያሉት 12ኛው የቁርኣን ሱራ በዚሁ ስም ይጠራል።

ከእንጦጦ ግርጌ ባሉ ግቢዎች ዩሱፍና ዮሴፍ አንድ ዶርም ሲደርሳቸው፣ ስማቸውን ብቻ ሰምቶ ወደየጎራው የሚመድባቸው አይጠፋም። ስሙ ግን አንድ ነው፤ የተለያየው የመጣበት መንገድ ነው። ደግሞም ጉድጓድ የጣሉትን ወንድሞቹን ይቅር ያለ የነቢይ (ዐ.ሰ) ስም ነው። የዶርም ጓደኛችን ዮሴፍ ከሆነ፣ ትርጉሙን እንንገረው፤ ወንድማማችነታችንም ይጨምር።